ክቡር ላንድሮቨር ሳይጠገኑ ተለዩን

ወገኖቼ፣ ለቅሶውን ጋብ አድርጉልኝና የሟችን አጭር የሕይወት ታሪክ ላንብብ።

ክቡር ላንድሮቨር ሲሪስ 3፣ ባለ ረጅሙ ሻንሲ ፒካፕ፣ በ1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሶሊሀል ተወለዱ። የዘራቸው አባት ሞሪስ ዊልክስ ሲሆኑ፣ የቤተሰቡ በኩር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ታይቷል። ሟች የተወለዱበት ዓመት፣ ቤንዚን ተወደደ ብለው የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙበት ነው። እሳቸው ግን ባለ 2,286 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ይዘው መጡ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ዋጋ ጠይቀው አያውቁም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቆላ ደጋ ሳይሉ አገልግለው በጨረታ ጡረታ ወጡ። የገዟቸው እነሆ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙት ጋሼ ናቸው። በደጉ ጊዜ ጭቃ ሲያጋጥም ባለ ቢጫ ራሷን ማንሻ ወደ ታች መጫን፣ ሲብስ ባለ ቀይ ራሷን ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ነበር። (ዛሬ ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ያስባል፤ አሽከርካሪው ሬዲዮ ይቀያይራል።)

ከዚያ ባደረባቸው የፍሪሲዮን ሕመም ጋራዥ ሲመላለሱ ቆይተው ግቢ ገቡ። ጋሼ «ከመስቀል በኋላ አሠራቸዋለሁ» አሉ። የትኛው መስቀል እንደሆነ አልተነገረንም። ኮፈናቸው ላይ በርበሬ ተሰጣ፤ ጎማቸው ተንፍሶ በቸርኬያቸው ቆሙ፤ ዶሮዎቹም ያለ ኪራይ ገቡባቸው። ጋሼን አትውቀሷቸው። የሚጠገን ላንድሮቨር ግቢው ያለው ሰው ገንዘብ ባይኖረው እንኳ ዕቅድ አለው። ዛሬ የምንቀብረውም ያንን ዕቅድ ነው፤ ሟችስ በክሬን ተጭነው ወደ ሌላ ሰው ግቢ ነው የሚሄዱት።

ሽያጩ ላይ ደላላው «ትንሽ ነገር ነው የሚቀራት» አለ። ገዢው ልጅ እግር ቢሆንም የገባው ነው፤ አካላቸውን ዞሮ እንኳ አላየም። አካላቸው አሉሚኒየም ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዝ ብረት በራሽን ስታከፋፍል የተዘየደ ዘዴ ነው። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጭቃና ውሃ ገብቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ልጁ ተንበርክኮ በመፍቻ ያንኳኳ ጀመር። ጥርት ብሎ ሲጮህ ጋሼ ደረታቸውን ነፉ፤ ከኋላ ጎማ አጠገብ «ዱፍ» ሲል ደላላው ስለ ዘንድሮ ክረምት ማውራት ጀመረ።

ቀጥሎ ሊብሬ ተጠየቀ። ልጁ ከሻንሲው ላይ ዝገቱን በጨርቅ ጠርጎ፣ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያየ። ሞተሩ ይነሣ እንደሆነ አልጠየቀም። ልክ ነው፤ ሞተር ይጠገናል፣ ሊብሬን ግን የትኛው መካኒክ ይጠግናል? ዋጋውን አልናገርም፤ ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም። ደላላው ብቻ ሐዘኑ ስለጠናበት ኮሚሽኑን ከሁለቱም ወገን ተቀብሏል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። አስከሬኑ ሙሉ አይደለም፤ ካምቢዮው ከፍሪሲዮኑ ሕመም ጊዜ ጀምሮ ጋራዥ ተኝቷል። ገዢው ዛሬ ጠዋት ለመካኒኩ ደውሎለት ነበር። «እየጨረስኩት ነው» ብሎታል።