ለቀላቃዮቻችን የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሞ ምስጋና ይድረሳችሁ። የአገራችን ሙዚቃ ስንት ዘመን አንድ ነገር ጎድሎት ኖሯል፤ እናንተ ባትደርሱለት ኖሮ መጉደሉን እንኳ ሳያውቅ ይቀር ነበር። ትዝታ ከሥሩ የትራፕ ቢት አልነበረውም። ክራር ሲመታ አጠገቡ ቆሞ በየስንኙ «ያ! ያ!» የሚል ሰው ጠፍቶ ነበር። አምባሰል መሀል ገብቶ ስለ መኪናውና ስለ ወርቅ ሰንሰለቱ የሚፎክር ራፐር እስከ ዛሬ ያልተገኘለት በምን ኃጢአቱ ይሆን? ይኸው ዘፈን ከዘፈን የሚደባልቀው ማሻፕ መጣና ሁሉም ተሟላ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ሲባል ተረት ብቻ ይመስለን ነበር።

ጥበቡን ለማያውቅ አንባቢ አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ አንድ የድሮ ዘፈን ከዩቲዩብ ይወርዳል። ዘፋኙ፣ ሳክስፎን ነፊው፣ ድራም መቺው አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው፣ እየተያዩ የተቀዱት ዘፈን ቢሆን ይመረጣል። ድሮ ድምፅን ከመሣሪያ መለየት ጣጣ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ስፕሊተር የሚባል ነፃ ፕሮግራም ከለቀቀ ወዲህ ግን ዘፋኙን ከባንዱ መነጠል የአፍታ ሥራ ሆኗል። ዘፋኙ ይቀራል፣ ባንዱ ይጣላል። በተጣሉት ሰዎች ቦታ «ፍሪ ቢት» ተብሎ ከኢንተርኔት የተገኘ ምት ይገባል። ራፑ ደግሞ ከአትላንታ ወይም ከኒውዮርክ ይመጣል፤ ባለቤቱ ትዝታ ምን እንደሆነ ባይሰማም ግድ የለም፣ ቀላቃዩም ከእሱ ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቅፋት አለች። ጭክችካ በስድስት ስምንተኛ ነው የሚረግጠው፤ ሂፕ ሆፕ በአራት አራተኛ። ሁለቱን ማስታረቅ ለሙዚቀኛ ብዙ ልምምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ቀላቃይ ግን ዘፋኙን ይዞ ይጎትተዋል። የተለጠጠው ድምፅ መሀል ላይ ይርገበገባል፤ ዘፋኙ ቆርቆሮ ውስጥ የተቆለፈበት ሰው ይመስላል። የድሮ ባንድ ደግሞ ስሜቱ ሲግል በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ይዘገይለታል። ይህ ነገር በአድማጭ ዘንድ ነፍስ ይባል ነበር፤ ዛሬ በእናንተ ትጋት ስህተት መሆኑ ታውቆ በኮምፒውተር ተስተካክሏል። አንቺሆዬ የተባለችው ቅኝት ጭራሽ እልኸኛ ናት፤ ድምፆቿ ከፒያኖ ቁልፍ ጋር በልክ አልገጥም ይላሉ። እሷም ድምፅ በሚያቃናው ኦቶቲዩን ተገርታ ሰው ሆናለች።

ትሕትናችሁንም ሳላነሳ አላልፍም። ዘፋኙ የመጀመሪያውን ስንኝ ሳይጨርስ የእናንተ ስም በወፍራም ድምፅ ይጮሃል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይደገማል፣ እንዳንረሳው። ከቪዲዮው ሥር «ክሬዲት ለባለቤቱ» የሚል ተጽፏል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም፤ ምናልባት ሰውየው ራሱን ያውቃል ተብሎ ይሆናል። ቀጥሎ «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» ይመጣል። በሰው ምድር ልጇን ትድር ማለት ይኼ ነው።

ከእናንተ ጋር ሳወዳድራቸው ፈረንጆቹ ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ1986 ራን ዲኤምሲ የተባሉት ራፐሮች የኤሮስሚዝን የሮክ ዘፈን «ዎክ ዚስ ዌይ»ን ከሂፕ ሆፕ ጋር ሲያጋቡ፣ የሮኩን ዘፋኝና ጊታር መቺውን በአካል ስቱዲዮ ጠርተው አብረው ተቀዱ። ምን ዓይነት ድካም ነው! በ2004 ዴንጀር ማውስ የሚባለው ፕሮዲውሰር የጄይ ዚን ራፕ ከቢትልስ ጋር ቀላቀለ። ጄይ ዚ ያለ ሙዚቃ የተለቀቀ የድምፅ ቅጂ ስለነበረው ቅጂውን ወሰደ፤ ከቢትልስ የ1968 አልበም ደግሞ ድራሙንና ጊታሩን ምት በምት እየቆረጠ አዲስ ሙዚቃ ገጣጠመበት። ይህን ሁሉ ቢለፋም ኢኤምአይ የተባለው ኩባንያ የክልከላ ደብዳቤ ላከበት። በዚያው ዓመት የሮክ ባንዱ ሊንኪን ፓርክና ጄይ ዚ ተስማምተው፣ ስቱዲዮ ገብተው፣ ድምፃቸውን እንደገና ቀድተው አንድ ሥራ አወጡ፤ ከውስጡ አንዱ ዘፈን በ2006 ግራሚ አገኘ። ገርል ቶክ የተባለው አሜሪካዊ ደግሞ በ2010 ባወጣው አልበም ውስጥ 372 ቁርጥራጭ ዘፈኖችን ተጠቅሞ ከየት ከየት እንደወሰዳቸው ዘርዝሮ አሳወቀ። እናንተ የምትቀላቅሉት ሁለት ዘፈን ነው፤ የሁለቱን ባለቤቶች ስም ለመጻፍ ግን ቦታ ጠበባችሁ።

ከሁሉ የማዝነው ግን ለሙላቱ አስታጥቄ ነው። ቅኝታችንን ከጃዝና ከላቲን ሙዚቃ ጋር ለማዋሃድ ለንደን ተማሩ፣ ቦስተን ተማሩ፣ ኒውዮርክ ከላቲን ሙዚቀኞች ጋር ሠሩ። ቅኝቱ በቫይብራፎን ሲመታ መልኩን እንዳይለቅ፣ የጃዙ ሃርመኒም ከሥሩ ሲገባ እንዳይውጠው ሲመዝኑ ኖሩ። ኋላ ራፐሩ ናስና የሬጌ ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት አልበም የመክፈቻውን ዘፈን በእሳቸው «የግሌ ትዝታ» ላይ ሠሩት። ዓለም ፈልጎ ያገኛቸው ሥራቸው ጠንካራ ስለነበር ነው። ምነው ያኔ ላፕቶፕ ኖሯቸው በአንድ ምሽት በተገላገሉት!

አንዳንድ ምቀኛ ግን «ባለቤቱስ?» ይላል። መልሳችሁ ዝግጁ ነው፤ «ለአዲሱ ትውልድ እያስተዋወቅነው ነው» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ዕውቅናን የመሰለ ምን አለ? ለምሳሌ ዊንስተንስ በተባለው ባንድ ውስጥ ግሪጎሪ ኮልማን የሚባል ድራም መቺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በተቀዳ አንድ ዘፈን መሀል ለብቻው የመታት ስድስት ሰከንድ ገደማ የምትሆን ምት፣ በሂፕ ሆፕና በሌላውም ሙዚቃ ውስጥ ስፍር ቁጥር በሌለው ዘፈን ተቆርጣ ገብታለች። ዓለም በሙሉ በእጁ ምት ጨፍሯል። እሱ ከዚያ ሁሉ ሳንቲም ሳይደርሰው፣ ቤት አልባ ሆኖ በ2006 እንደሞተ ይነገራል። መተዋወቁ ግን ተዋውቋል።

እኛ ዘንድም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶችን ያስከብራል፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል ይላል፤ ሥራውን ለመለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል። እናንተ ግን ወረቀት ለማንበብ ጊዜ የላችሁም፤ ለነገ የሚለቀቅ ማሻፕ አለባችሁ። የሟች ልጆች ዘፈኑን ታክሲ ውስጥ ሲሰሙት ኩራቱ ይበቃቸዋል፣ የቤት ኪራዩም በኩራት ይከፈላል።

ሽሙጡ ይብቃና በቅጡ እንነጋገር። ሂፕ ሆፕን ከእኛ ዜማ ጋር ማገናኘት ነውር አይደለም። ሽለላና ቀረርቶ ባለበት፣ አዝማሪ ከአድማጭ አፍ ላይ ግጥም እየነጠቀ በሚመልስበት አገር ራፕ ባዕድ ሊሆን አይችልም። ነውሩ ሁለቱንም ሳያውቁ አንዱን በሌላው ላይ ጭኖ ፈጠርኩ ማለት ነው። ራፐር ካላችሁ ይዛችሁት ማሲንቆ መቺ ዘንድ ሂዱ፤ አብራችሁ ተለማመዱ፣ ጭክችካው ላይ ራፕ ማድረግ ይልመድበት፣ ለመቺውም ክፈሉት። የተቀዳ ሥራ መጠቀም ከፈለጋችሁ ባለመብቱን ፈልጉና አስፈቅዱ። የዘፋኙን፣ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፣ የባንዱንም ስም ከእናንተ ስም በላይ ጻፉ። ይህ ሁሉ ከበደን ካላችሁ ዘፈኑን ተዉት፤ ያለ እናንተም ኖሯል።