ቡላ የሌለበት «ቡ ላ»፦ ከጓንዡ ወደ ጅጅጋ የተላከ ደብዳቤ

ዕቃ ሊሸምት ጓንዡ የገባ የጅጅጋ ነጋዴ ሲርበው የሚደርስለት የላንዡ ላሚየን ነው። ላሚየን በእጅ እየተሳበ የሚሠራ የስንዴ ፓስታ ሲሆን፣ ከበሬ ሥጋ መረቅ ጋር በጎድጓዳ ሳሕን ይቀርባል። ዋጋው ከ20 ዩዋን ብዙም አይዘልም።

ቤቱን መለየት ድሮ አይቸግርም ነበር፤ ከቻይንኛው ጽሑፍ ጎን በዐረብኛ «ሐላል» ተብሎ ይጻፍበት ነበር። ከጅጅጋ የሚደውሉ እናቶች አስቀድመው የሚጠይቁትም ሐላል መሆኑን ነው። ምግቡ ሁዊ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ሙያ ነው፤ ማ ባውዚ የተባለ የላንዡ ከተማ ሁዊ እ.ኤ.አ. በ1915 ስም እንዳስገኘለት ይነገራል። ዛሬ ግን በባሕር ዳርቻዎቹ ከተሞች ሙያውን የያዙት ብዙዎቹ ከጎረቤቱ ቺንግሃይ፣ ከሁዋሎንግ የመጡ ናቸው። «ላንዡ» ለእነሱ ጫት ሻጭ «የአወዳይ ነው» እንደሚለው ያለ ነው፤ ከየትም ይምጣ፣ የሚሸጠው ስሙ ነው።

ሠሪው ሊጡን እንደ ገመድ ይስባል፣ ያጥፋል፣ መልሶ ይስባል። በ7ኛው እጥፋት 128፣ በ8ኛው 256 ክር ይሆናል። በየመሀሉ ከጠረጴዛው ጋር ሲያላጋው የሚሰማው ጥፊ አዲስ ደንበኛን ጠብ የተነሣ አስመስሎ ከወንበሩ ያስነሣል።

ዋናው ፈተና ማዘዙ ነው። አስተናጋጁ «ላ ቡ ላ?» ይላል፤ ያቃጥል ወይስ አያቃጥል ማለቱ ነው። «ላ» በዐረብኛ «አይ» መሆኑን ከልጅነቱ የሚያውቅ የጅጅጋ ሰው በርበሬውን ሊሸሽ «ላ!» ይላል። ማንኪያ ሙሉ ቀይ የበርበሬ ዘይት ይፈስለታል። ደንግጦ «ላ! ላ!» ሲል ሁለተኛው ይከተላል። የማያቃጥል የሚፈልግ «ቡ ላ» ማለት አለበት፤ ይህም የራሱ መዘዝ አለው። አጠገቡ የተቀመጠ የጉራጌ ልጅ ቡላ እዚህም አለ ብሎ ቅቤ መጠየቁ አይቀርም።

ደንበኛ ሳሕን አምስት ነገር ይታይበታል፦ የጠራ መረቅ፣ ነጭ ፍጅል፣ ቀይ ዘይት፣ አረንጓዴ የድንብላል ቅጠል፣ ቢጫ ክር። ሥጋው ስድስተኛ ሆኖ ያልተቆጠረው ሳይታይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ የግመል ሥጋ በኪሎ ለለመደ ሰው ጋዜጣ የሚያስነብብ ቅጠል ነው።

የሚበላው በሁለት እንጨት ነው። ባስቶ (ፓስታ) በጣት ጠቅልሎ ያደገ ሰው ግማሹን ለሸሚዙ ያበላል። ድምፅ እያሰሙ መሳብ ግን ነውር ስላልሆነ፣ ጅጅጋ ላይ የሚያስቆጣው እዚህ ያድናል።

የጎደለው ሙዝ ነው። እንደ ጅጅጋ ልማድ ፓስታ ያለ ሙዝ አይወርድለትምና፣ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ አንድ ሙዝ በኪሱ ይዞ ገብቶ ከሳሕኑ ጎን አስቀመጠ። ባለቤቱ ሙዙን አየው፣ ሰውየውን አየው፣ በትሕትና አንሥቶ ወደ ማድ ቤት ገባ። ሙዙ የተመለሰው ተከትፎ፣ በሾርባው ውስጥ ተቀቅሎ፣ የበርበሬ ዘይት ፈስሶበት ነው።