ሸላሚ በዛብን

እዚህ የመን፣ ዓደን፣ ሀሽሚ ሰፈር ሰው መሸለም ፋሽን ሆኗል። ድሮ ሰው የሚመሰገነው ሲሞት ነበር። ለቅሶ ቤት ይገባል፣ «ደግ ነበር፣ እጁ የማይሰስት» ይባልለታል፣ ቡናው ይጠጣል፣ አለቀ። አሁን ምስጋናው በቁም ሆኗል። በቁም መሆኑን አልጠላሁትም፤ ከሞትኩ በኋላ የሚባልልኝን የምሰማበት ጆሮ ስለማይኖረኝ ዛሬውኑ ቢነግሩኝ እመርጣለሁ። የምነጫነጨው በሸላሚዎቹ ነው።

ሰሞኑን የሐበሻ ልጆች ተሰባስበው «ለማኅበረሰባችን ባለውለታዎች» የምስጋና ፕሮግራም አሰናዱ። አንዱ ማታ በሬን አንኳኳና «አባባ፣ ለዓርብ ይፈለጋሉ» አለኝ። ልቤ ድንግጥ አለ። ከሳጥን ሥር ኮቴን አወጣሁ፣ አናፈስኩ፣ ልጄም እንድትተኩስልኝ ሰጠኋት። በዓደን ሙቀት ኮት የሚያስተኩስ ሽማግሌ ምን እየጠበቀ እንደሆነ የሰፈር ሕፃን ያውቃል። ዓርብ ጠዋት ልጁ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። ለካ የተፈለጉት የፕላስቲክ ወንበሮቼ ናቸው!

ወንበሮቼን ተከትዬ ሄድኩ። ምን ላድርግ፣ ቢያንስ በገዛ ወንበሬ ልቀመጥ ብዬ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ተብለን አሥራ አንድ ሆነ፤ የክብር እንግዳው አልደረሰም። እንግዳው ሲደርስ መብራት ሄደ። ዓደን በሙቀት ወራት መብራት መጥፋቱን ከቁም ነገር የሚቆጥር የለም፤ እዚያ ግን ማይክራፎን ነበረ፣ ማይክራፎን ደግሞ ያለ መብራት አይናገርም። ጀነሬተር ተለመነ፣ ቤንዚን ተዋጣ። ጀነሬተሩ ሲነሣ እሱ ራሱ ከተናጋሪው በላይ ስለሚጮኽ ንግግሩ ለማንም አልተሰማም። ከፕሮግራሙ ሁሉ ደስ ያለኝ ይኼ ነው።

ከዚያ ሽልማቱ ቀጠለ። የመጀመሪያው ሰርተፊኬት ለአዘጋጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሁለተኛው ለኮሚቴው ጸሐፊ፣ ሦስተኛው ለድምፅ ማጉያው ባለቤት። ራሳቸው አጨበጨቡ፣ ራሳቸው ተቀበሉ፣ ራሳቸው ተቃቀፉ። አንዱን ደግ ነጋዴ ደግሞ «ባህላችንን ጠብቀን» ብለው ጋቢ ደረቡበት። ልብ በሉ፣ ሐምሌ ነው፣ ዓደን ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ሰውዬው እያመሰገነ ላቡ ከግንባሩ በአፍንጫው ወርዶ ከሰርተፊኬቱ ላይ ጠብ ሲል፣ የራሱ ስም የተጻፈበት ቀለም ፈሰሰ። ፎቶ አንሺው ግን «አንድ ጊዜ ጋቢውን ከፍ ያድርጉት!» ይለዋል። እንዲህ ያለውን ምስጋና ለጠላቴ!

እኔ ደሴ ነው የተወለድኩት። አባቴ የመናዊ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁን ሰው ሁሉ «አረብ ቤት» ይለዋል፣ እናቴ የወሎ ሴት። እዚያ ሳለሁ አረብ ነበርኩ፤ ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ እንደ ብዙዎቹ ሙወለዶች፣ ማለትም እንደኔ ከየመናዊና ከሐበሻ እንደተወለዱት፣ ወደ አባቴ አገር ብሻገር እዚህ ደግሞ ሐበሻ ሆንኩ። ሁለቱም አገር እንግዳ ያደረገው ሰው የሚሸልመው አገር አያገኝም፤ ስለዚህ ሽልማት ለማን እንደሚገባ ከዳር ቆሞ ለማየት ጊዜ አለው።

ለማን እንደሚገባ ልንገራችሁ። ከጅቡቲ፣ ከኦቦክ፣ በጀልባ ተሻግሮ በላሕጅ ባሕር ዳር ያረፈ ልጅ ተራግፎ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሼክ ዑስማን ገበያ ሲደርስ መጀመሪያ ውኃ የምትሰጠው ሴት አለች። ሆስፒታል ሲገባ «ሆዱን ነው፣ ራሱን ነው» ብላ ለሐኪሙ በአረብኛ የምታስረዳ፣ ሲሞት ለከፈኑ ከቤት ቤት ዞራ የምትለምን፣ ለእናቱ ስልክ ደውላ የማይነገረውን የምትነግር እሷው ናት። እ.ኤ.አ. በ2015 ጦርነቱ ዓደን ሲገባ፣ ጥይት ከጣራ በላይ እያፏጨ የቀረቻትን ዱቄት ከጎረቤት ጋር የተካፈለችም እሷ ናት። ዓርብ ዕለት የት ነበረች? ከኋላ፣ ከጀነሬተሩ አጠገብ፣ ሻይ ስትቀዳ! የክብር እንግዳው ሁለት ብርጭቆ ጠጥቶ ሦስተኛ ጠየቃት።

በዚህ ሰፈር ውለታ ሲዋል ይኼ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የምትባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከአገራችን ተግዘው ወደ አረብ አገር ለባርነት የሚጫኑ ከ200 የሚበልጡ ኦሮሞዎችን፣ አብዛኞቹን ልጆች፣ ከጀልባ ላይ አስጥላ ዓደን አመጣች። ከመካከላቸው ልጆችን የተቀበለው እዚሁ ሼክ ዑስማን የነበረው የስኮትላንድ ሚስዮን ነው። ሚስዮናውያኑ ልጆቹን ለማስተማር ቋንቋቸውን ተማሩ። አየሩ ግን ለልጆቹ አልተስማማቸውም፤ ሕመሙ ሲጨርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1890 ስድሳ አራቱን በመርከብ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወስደው አስተማሯቸው። ከእነሱ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ናት። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን ታግሎ ሮቢን ደሴት ላይ አሥር ዓመት የታሰረ፣ በኋላም የተከበረ የቋንቋ ሊቅ የሆነ ሰው ነው። የኛ ልጆች ይህ ታሪክ በተፈጸመበት መሬት ላይ ቆመው «የዘንድሮው ምርጥ አስተዋዋቂ» ይሸልማሉ።

ሽልማት ራሱ አይጠላም፤ አገራችን ታውቅበት ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት አፈወርቅ ተክሌንና ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሲሸልም ሥራቸውን አይቶ ነው፤ ጸጋዬ ሲሸለም ሠላሳ እንኳ አልሞላም። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማትም ሕዝቡ ራሱ እንዲጠቁም ያደርጋል፣ ከዘርፎቹም አንዱ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነው። እንግዲህ ዲያስፖራ ሲባል ዋሽንግተን ትዝ ይላል፤ በጀልባ የተሻገረ ሰው ዲያስፖራ የሚባል አይመስለኝም፣ ስደተኛ ነው የሚሉት። ይኼ ቢያናድደኝም የመጠቆሙ ነገር ይሻላል። እኛ ጋ ጠቋሚም ተጠቋሚም ኮሚቴው ነው።

ደግሞ ሸላሚዎቹን ሰው እስኪያረጅ ምን አስጠበቃቸው? አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. አካባቢ ከግሸን ማርያም ሲመለሱ በረሃብ ከተመታው ወሎ ወላጅ አልባ ልጆች ይዘው ቤታቸው ሲገቡ፣ ያኔ ያጨበጨበላቸው የለም፤ ከቤታቸው ሰው ጋር ተጣልተው ወጡ እንጂ። «የአፍሪካ እናት ቴሬዛ» የሚለው ስም የመጣው ልጆቹ በዝተው፣ ሥራው አድጎ ከታየ በኋላ ነው። ሥራውን ሲጀምሩ አንድ ኩንታል ጤፍ ከመቶ ዋንጫ ይበልጥባቸው ነበር።

እና ልጆቼ፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንዲህ አድርጉ። ዝርዝሩን ከማውጣታችሁ በፊት መቃብር ቆፋሪውን፣ የሆስፒታሉን ዘበኛ፣ ገበያ ውስጥ በዱቤ የሚሰጠውን ሱቅ ጠይቁ፤ ማን እየመጣ «ይኼ የእኔ ነው፣ እኔ እከፍላለሁ» እንደሚል እነሱ ያውቃሉ። የዚያች ሻይ ቀጂ ስም ሲወጣ ፍሬም አታሠሩላት፣ ጋቢም አትደርቡባት። የሦስት ወር የቤት ኪራይ ክፈሉላት፣ የውኃ ታንከር ሙሉላት። ንግግሩንም ተዉት። ሻዩን ደግሞ ያን ቀን ኮሚቴው ይቅዳ።