በባለሁለት ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ለመክሰር

ፍላቂት ላይ የሠርግ ቪዲዮ የምታቀናብርበት፣ ዋጋው የማይከብድ ባለሁለት ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ልትገዛ አስበሃል እንበል። ገንዘብህን ጠርጎ የሚወስደውን መንገድ እነግርሃለሁ። የምነግርህ በብድር ሥራ የጀመረ ወጣት እርስ በርሱ የማይገጥም ዕቃ ታቅፎ ሲቀመጥ ስለሚቆጨኝ ነው።

ከሁሉ በፊት ሥራህን እርሳና ኮር ብቻ ቁጠር። አሥራ ስድስት ኮር አለው ከተባልክ ሌላ አትጠይቅ። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 እ.ኤ.አ. ያስረዳውን አትስማ፤ ከሥራው አንድ አምስተኛው ለብዙ ኮር የማይከፋፈል ከሆነ፣ ሺህ ኮር ብትደረድርም ፍጥነቱ ከአምስት እጥፍ አያልፍም። ቪዲዮ ሬንደር ሲደረግ ብዙ ኮር ሊጠቅም ይችላል። ፎቶ ማሳመር ግን በአብዛኛው ጥቂት ፈጣን ኮር ነው የሚሻው፤ እዚያ ላይ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ዚዮን የሚባል የሰርቨር ፕሮሰሰር በቅርቡ ከተሠራ መካከለኛ ፕሮሰሰር ወደ ኋላ ይቀራል። ይህን አስቀድመህ ብታጣራ ባለአንድ ፕሮሰሰር ገዝተህ ገንዘብ ይተርፍህ ነበር።

ቀጥለህ ዕቃውን ከየሱቁ ለየብቻ፣ ቁጥሩን ሳታነብ ሰብስብ። ያገለገሉ ዚዮኖች ርካሽ የሆኑት ትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች ሰርቨራቸውን በአዲስ ሲተኩ አሮጌው በብዛት ገበያ ስለሚወጣ ነው። ርካሽነቱ እውነት ነው፤ ጉዳቱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ኢ5-1650 እና ኢ5-2670 የተባሉት ዚዮኖች ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ከሰረዙ ቀጥላ ያለችው አኃዝ ግን ስንት ሆነው አብረው እንደሚሠሩ ትናገራለች፦ 1 ከሆነ ብቻውን፣ 2 ከሆነ እስከ ሁለት፣ 4 ከሆነ እስከ አራት። ሁለት ኢ5-1650 ከገዛህ አንዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ኢ5-2670ን ከኢ5-2650 ጋር ማጣመርም አለ፤ ጥንዱ በሞዴል ካልተመሳሰለ፣ ቁመቱ ያልተካከለ በሬ እንደተጠመደበት ቀንበር ነው። ቪ2 (ሁለተኛ ትውልድ) ለሚቀበል ማዘርቦርድ ቪ3 ወይም ቪ4 መግዛት ደግሞ ኪሳራውን ሙሉ ያደርገዋል፤ ስማቸው ቢቀራረብም መቀመጫው አይገጥምም፣ ራሙም ከዲዲአር3 ወደ ዲዲአር4 ተቀይሯል።

ራም ስትገዛ አንድ ትልቅ ግዛና ተገላገል። እያንዳንዱ የኢ5-2600 ቤተሰብ ፕሮሰሰር ከራም ጋር የሚገናኝባቸው አራት መስመሮች አሉት። ባለ32 ጊጋ አንድ ራም ብትሰካለት ሦስቱ መስመሮች ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ፤ አራት ባለ8 ጊጋ ቢሆን ኖሮ አራቱም በሠሩ። ያለህን ራም ሁሉ በአንደኛው ፕሮሰሰር በኩል ሰካው፤ ሁለተኛው የሚፈልገውን ለማግኘት ሁልጊዜ ወደ መጀመሪያው እየተሻገረ ጊዜ ያባክናል። የሰርቨር ራምና የተራ ዴስክቶፕ ራም ከቀላቀልክ ማሽኑ ጭራሽ አይነሳም።

ስለ መብራት አትጨነቅ። አንዱ ኢ5-2670 እስከ 115 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያወጣል፤ ሁለቱ 230። ግራፊክስ ካርድና ዲስክ ሲታከልበት ባለ650 ቪኤ ትንሽ ዩፒኤስ ይከብደዋል፤ የሚሸከመው ከ400 ዋት በታች ነውና። ሬንደር መሀል ላይ መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱም አብሮ ይሄዳል፣ የሙሽሮቹ ቪዲዮ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ደጋ ስለሆነ ማቀዝቀዣ አያሳስብም የሚልህንም እመን። ፍላቂት ያለችበት የመቄት ደጋ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል።

መለዋወጫውንም አታስብ። እንደ ኤችፒ ዜድ620 ያሉ ማሽኖች ፓወር ሰፕላያቸው የራሱ ቅርጽ ስላለው ተራው አይገባላቸውም። ሲቃጠልብህ የወልድያን ሱቆች ዞረህ ባዶ እጅህን ልትመለስ ትችላለህ፤ እስኪገኝ ድረስ ሥራህ ይቆማል።

በመጨረሻ፣ ሻጩ ፊት ሁለቱም ፕሮሰሰሮችና ራሙ በሙሉ መታየታቸውን ሳታረጋግጥ፣ ማሽኑንም በከባድ ሥራ ግማሽ ሰዓት ሳትፈትነው ክፈል። ከዚያ ሁለቱን ከባድ ማቀዝቀዣዎች ሳታስደግፍ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጫነው። የወልድያ–ወረታን መንገድ ወጥቶ ፍላቂት ሲደርስ ማቀዝቀዣው ተላቆ ማዘርቦርዱን ቢሰብረው፣ ሻጩ «ከእኔ ዘንድ ሲወጣ ደህና ነበር» ይልሃል፤ ሳትፈትነው ስለከፈልክ የምትመልስለት ነገር የለህም።