ሸማኔ ወፎችና መግቢያው የቀደመ ጎጆ

ተረት ተረት። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ቅርንጫፉ ወደ ውኃው ባዘነበለ አንድ ዋርካ ላይ የሸማኔ ወፎች መንደር ነበር።

ወንዱ እርጥብ ሣር በምንቃሩ ሰንጥቆ ያመጣል። መጀመሪያ ቅርንጫፉ ላይ ይቋጥራል፤ ቀጥሎ ቀለበት ይሠራል፤ ከቀለበቱም ጣሪያና ወለል ያወጣል። የመግቢያውን ቱቦ ግን ያቆየዋል። ከጎጆው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቲቱን ይጠራል፤ እሷም ገብታ ሣሩን እየሳበች ትፈትሻለች። ከወደደችው እሱ መግቢያውን ይጨርሳል፣ እሷ ውስጡን በለስላሳ ሣር ትጎዘጉዛለች። ካልተወደደለት አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። ሳይጨርሱ ማሳየት በዚያ መንደር ነውር ሆኖ አያውቅም።

አንድ ክረምት አንድ ወጣት ባለ ሁለት ክፍል ጎጆ አሰበ፤ እባብ በአንዱ ቢመጣ እናት በሌላው እንድትወጣ። መንደሩ ተደነቀ። ወጣቱም አድናቆቱ እንዳይበርድ ቸኩሎ፣ የሁለተኛው ክፍል ወለል ገና ስስ ሳለ መግቢያውን ሠራለት፤ ከዚያም ሌላ ሐሳብ መጣለትና ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ሄደ።

በምሽት ዝናብ ያባረራት አንዲት መንገደኛ ደረሰች፤ እንቁላሏ ገፍቷታል። ሣሩ አረንጓዴ፣ መግቢያው የተሠራ፤ ያለቀ ጎጆ መሰላት። ገብታ ጣለች። ሲነጋ ወለሉ ተተረተረ፣ እንቁላሏም ሐይቅ ገባ።

መንደሩ በቁጣ ተሰበሰበ። «ከእንግዲህ ያላለቀ ጎጆ በዚህ ዛፍ ላይ አይታይ!» አሉ ብዙዎቹ።

«አይሆንም» አለች አንዲት አሮጊት። «ያላለቀ ካላየሁ ምኑን እፈትሻለሁ? ሁሉን ጨርሶ ካሳየኝማ ጥፋቱን ብነግረው እንኳ ማፍረስ ያሳሳዋል። ያቃጠለኝ ወለሉ ሳይጠና እንግዳ የሚጠራ መግቢያ መሠራቱ ነው። ሁለተኛው ክፍል ጨርሶ ባይኖር ኖሮ ያቺ እናት ምንም አይጎድልባትም ነበር።»

እኔ ተረት ነጋሪው ከአሮጊቷ ጋር ነኝ። ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሠሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2008 «ስቴጂንግ» የሚባል ክፍል የለዩት ለዚሁ ነው። ገና ያልጠራ ድራይቨር (የኮምፒውተር ዕቃን የሚያሠራ ፕሮግራም) የቀረውን ሥራ ከሚዘረዝር ጽሑፍ ጋር እዚያ ይቀመጣል፤ ሲጫንም ጥራቱ እንዳልተረጋገጠ ለተጠቃሚው ያስጠነቅቃል። ሠሪ ያጣው ይወጣል።

ወፎቹም የዳር ቅርንጫፍ ለዩ። እዚያ መግቢያ ሳይሠሩ የፈለጉትን ይጀምሩ፤ ቋጠሮው ግን ከጎረቤት ጎጆ ጋር አይተሳሰር፣ ሲፈርስ ሌላውን እንዳይጎትት። ሣሩ እስኪደርቅ ያልተመለሰበትን መንደሩ ይፈታዋል።

ወጣቱ ይህን ሰምቶ መጣ። «እማማ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው ብላችሁ የለ? ማንም ይጨርሰው።»

«ማንም ማን ነው፣ ልጄ?» አለችው። «እንቁላሉ የወደቀባት እናት ትጨርሰው? ሐሳብህን እንወደዋለን። የዳሩ ቅርንጫፍ ላይ እንደገና ጀምረው፤ ከወለሉ ጀምረህ አጥብቀው። ሣር ሲያጥርህ ልጆቼ ያመጡልሃል። ወለሉ ሲጠና ጥራኝ፣ መጥቼ እስበዋለሁ። መግቢያውን ከዚያ በኋላ እንነጋገርበታለን።»