ካምቢዮው ይውረድ

በሽተኛ ሊጠይቅ የገባ ሐበሻ መድኃኒት ሳያዝ አይወጣም። አንዱ ዳማከሴ ይላል፣ አንዱ ፌጦ፣ ሌላው «እኔ የማውቀው ሐኪም አለ» ብሎ ስልኩን ያወጣል። በካርቱሙ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ሰዉን ከመበተኑ በፊት፣ ይህ ልማድ ከሰው አልፎ ወደ መኪና ተዛምቶ ነበር። እንዲያውም እውነቱን ለመናገር፣ የታመመ ሰው እንደቆመ መኪና ጠያቂ አይበዛለትም ነበር።

ኮፈን ይከፈት እንጂ! ከእንጀራ ቤት እጁን እየጠረገ የሚወጣው፣ ዝንጅብል የገባበትን ቡና ከነሲኒው ይዞ የሚመጣው፣ ራክሻውን፣ ማለትም ባጃጁን፣ አቁሞ ደንበኛ የሚጠብቀው ሁሉ ዙሪያውን ይከባል። እዚያ አገር የብሎን መፍቻ የያዘ ሁሉ «ያ ባሽሙሃንዲስ» ተብሎ ይጠራል፤ ዋና መሐንዲስ እንደማለት። መፍቻ ያልያዘውም ቢሆን ማዕረጉ አይከፋውም።

አንድ ቀን የቆመችው የሰፈራችን ሰው ኮሮና ነበረች። ቶዮታ ኮሮና በካርቱም የአሮጌ ታክሲ ሁሉ እናት ናት፤ ይቺኛዋም ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ታክሲ ስለነበረች በሩ በተፋቀ ቁጥር ከነጩ ቀለም ሥር ቢጫው ብቅ ይላል። በዕድሜ ከሚጠግናት ልጅ ትበልጣለች። ባለቤቷን ጋሼ እንላቸዋለን፤ ከመኪናዋ ጋር አብረው ያረጁ ሰው ናቸው። ፍሪሲዮን ሲረግጡ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ቀረ። የኋላ ማርሽ ሊያስገቡ ሲሞክሩ ካምቢዮው ጥርስ የሚያስነክስ ጩኸት አሰማ።

ምርመራው ወዲያው ተጀመረ። «ዲስኩ አልቋል።» «ዲስክ አይደለም፣ ቮላኖው ተበልቷል።» «ጊርባክሱ ራሱ ሄዷል» ያለም ነበር። አንዱ ደግሞ ጥፋቱን ለአሜሪካ ሰጠው፤ ማዕቀቡ ኦሪጅናል ዕቃ አላስገባ ብሎ ነው ይላል። ማዕቀቡ በ1997 እ.ኤ.አ. ተጥሎ በ2017 ተነሥቷል፤ መኪናዋም የጃፓን ናት፤ ቢሆንም ዋሽንግተን ድረስ የሚደርስ ምክንያት እያለ ማን ወደ መኪናዋ ሆድ ይጎነበሳል። ቀድሞ ታክሲ ነጂ የነበሩ አንድ ሐጅም በበኩላቸው ምርመራውን ትተው ስለ ሂልማን ታክሲያቸው ጀመሩ፤ ሱዳን በነሐሴ 1973 እ.ኤ.አ. ከግራ መንገድ ወደ ቀኝ በተሻገረች ማግስት እንዴት እንደነዱ። የእኛዎቹ ይህን ሲሰሙ «እኛ እኮ በ1964 እ.ኤ.አ. ተሻግረናል» ብለው ደረታቸውን ነፉ። ኮሮናዋ በዚህ መሀል ፀሐይ ላይ ነች።

ነገሩ እንዲህ የሚያጨቃጭቅ አልነበረም። የፍሪሲዮን ዋና በሽታ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ተቃራኒ ናቸው። አንደኛው «አልይዝም» ነው፦ የዲስኩ ሸራ ሲያልቅ ወይም ዘይት ሲነካው ዲስኩ ሞተሩ በሚያዞረው ቮላኖ ላይ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ዳገት በሌላት ካርቱም ይህኛው ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። መፈተኛው ደግሞ አንድ ሳንቲም አይጠይቅም፤ የእጅ ፍሬን መሳብ፣ አራተኛ ማርሽ ማስገባት፣ ፔዳሉን ቀስ አድርጎ መልቀቅ። ሞተሩ ከጠፋ ፍሪሲዮኑ ይይዛል፤ መዞሩን ከቀጠለ ያኔ በእርግጥም ዲስኩ አልቋል። ሁለተኛው በሽታ «አልለቅም» ነው፦ ፔዳሉ ተረግጦም ዲስኩ ከቮላኖው አይላቀቅም፤ ማርሹ ይንጫጫል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ያው ማርሽ በቀላሉ ይገባል። የጋሼ መኪና ሞተሯ ሲጠፋ ሁሉም ማርሽ ይገባ ነበር። ያለቀ ዲስክ ደግሞ አልይዝ ይላል እንጂ አልለቅ አይልም። በዚያ ላይ ኮሮና ፍሪሲዮኗ የሚሠራው በፈሳሽ ነው፤ ከፔዳሉ በላይ አንድ ፓምፕ፣ ካምቢዮው ጎን ሌላ ትንሽ ፓምፕ አለ፤ በውስጣቸው ያለው ጎሚኒ የሚባል ላስቲክ ሲደርቅ የፍሬን ዘይቱ ይወጣል፣ ፔዳሉም ባዶ ሜዳ ይረግጣል። የዘይት ማጠራቀሚያዋን ክዳን ከፍቶ ማየት በቂ ነበር። አንድም ሰው አልከፈታትም።

ለምን ቢሉ፣ ርካሽ በሽታ ክብር የለውም። «ጎሚኒ ነው» ያለ ሰው ነገር እንደማያውቅ ይቆጠራል፤ «ካምቢዮው ይውረድ» ያለ ግን ሊቅ ነው። ባለመኪናውም ቢሆን ወጪው ከፍ ሲል ያዝናል እንጂ አይጠራጠርም፤ ወጪው ሲያንስ ነው የሚጠራጠረው። የአዲስ አበባ የቮልስ ባለቤቶችንም ታዝቤያቸዋለሁ። የቮልስ ፍሪሲዮን በገመድ ይሠራል፤ ገመዱ ሲላላ በግራው የኋላ ጎማ በኩል ገብቶ ባለክንፏን ዳዶ በጣት አዙሮ ማጥበቅ ነው፤ ፔዳሉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ነፃ ጨዋታ ከቀረ አበቃ። ቮልስ ላይ ዲስኩ ጋ ለመድረስ የሚወርደው ካምቢዮው ሳይሆን ሞተሩ ነው፣ የያዙትም አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ይህ ቀላልነቱ ነው ያጠፋው! በጣት የሚዞር ዳዶ እያለ ቅዳሜ ጠዋት ሞተር አውርዶ ጎረቤት ማስገረም የሚመርጥ ስንት አለ።

ወደ አል-ሳሃፋ እንመለስ። ካምቢዮው ከኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወረደ። ዲስኩ ተፈቶ ሲወጣ ሸራው ገና ወፍራም ነው፤ የያዙት ምስማሮች ጠልቀው ይታያሉ። የሚያፍር ሰው ጠበቅሁ፤ አልመጣም። «አንዴ ወርዷል፣ ለምን አይቀየርም» ተባለ፤ ይህች ዓረፍተ ነገር ስንቱን ኪስ አራቁታለች። አዲስ ዲስክ ከኢንዱስትሪው ሰፈር ተገዛ።

እዚህ ላይ ጉዱ መጣ። መካኒኩ ልጅ ዲስኩን የሚያስለቅቀውን ኩሺኔታ በጣቱ አዞረውና አሸዋ የገባበት ይመስል ሲንኮራኮር ለጋሼ አሳያቸው።

«ጋሼ፣ ይቺም ትቀየር፤ አሁን ካለፈች ሌላ ቀን ካምቢዮ ማውረድ ነው።»

«ትጮኻለች እንዴ?»

«ገና አልጮኸችም።»

«እንግዲያው ተዋት የኔ ልጅ፣ ስትጮህ እናያታለን።»

ላልታመመ ዲስክ ያለ ክርክር የከፈሉት ሰው ለታመመችው ኩሺኔታ እጃቸው ታሰረ። ደግሞም ግራ እግራቸውን ከነሸበጡ ፔዳሉ ላይ አሳርፈው የሚነዱ ሰው ናቸው፤ ኩሺኔታን ከዚህ የበለጠ የሚበላ ነገር የለም። ልጁም አልተከራከረም፤ የመጥረጊያ እንጨት ጠርቦ ዲስኩን መሀል አስያዘና ካምቢዮውን መለሰ። ስለ እንጨቱ ልመስክርለት፤ ከፋብሪካው መሣሪያ አላነሰም።

ሁሉም ታስሮ ጋሼ ፔዳሉን ረገጡ። ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኛ።

ጠያቂዎቹ አንድ በአንድ ሥራ ትዝ አላቸው። የቀሩት «ዲስኩ ቻይና ሆኖ ነው» ብለው ፍርዳቸውን አሻሻሉ። ልጁ ግን የወደቀ መፍቻ ሊያነሣ መኪናው ሥር ሲንፏቀቅ ግንባሩ ላይ አንዲት ጠብታ አረፈች። ቀና ብሎ የታችኛዋን ፓምፕ የአቧራ መከላከያ ጎማ በጥፍሩ ሲገልጠው ቡናማው ዘይት በክርኑ ወረደ። ካምቢዮው ያኔ መውረድም መውጣትም አላስፈለገውም። ጎሚኒው የተገዛው በዚያ ቀን ሲጠጣ ከዋለው ሻይና ቡና ባነሰ ገንዘብ ነው። ከዚያ ጋሼ ከላይ እየረገጡ፣ ልጁ ከታች የአየር ማስወጫዋን ከፈት ዘጋ እያደረገ፣ «ያዙ!»፣ «ይልቀቁ!» ሲባባሉ አየሩ ወጣና ፔዳሉ ቀጥ ብሎ ተነሣ።

ጋሼ በዚያ ሰሞን ላገኙት ሁሉ «አዲሱ ዲስክ ነው ያዳናት» ይሉ ነበር። ኩሺኔታዋ መጮህ ስትጀምር ደግሞ ቴፑን ከፍ አደረጉ። አንድ ቀን አል-ሳሃፋ ዘለጥ፣ አስፋልቱ ላይ ማለት ነው፣ አንድ አምጃድ የሚባል ትንሽ የተሳፋሪ ቫን ማርሽ እምቢ ብሎት ቆሞ አገኙ። አምጃድ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ነው። ጋሼ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡና፣ ተሳፋሪዋ ከነዘንቢሏ ከሞተሩ ላይ ገና ሳትነሣ፣ ለሾፌሩ «ካምቢዮው ይውረድ» ብለው አዘዙለት።