ኮዱን ማን ይቀበልልን?

«የይለፍ ቃልህ ጊዜው አልፎበታል» ይላል የዩኒቨርሲቲው ገጽ። ይህን የሚያነበው ትምህርቱን አቋርጦ ከአገር የወጣ፣ ካይሮ፣ አርድ ኤል ሊዋ ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ለሦስት ለአራት በተከራዩት ክፍል የሚኖር ልጅ ነው። የሚፈልገው ለስኮላርሺፕ ማመልከቻ የሚሆን የውጤት ማስረጃውን ብቻ ነው።

«አድሰው!»
እሺ፣ ላድስ።
«ኮድ ልከንልሃል።»
ወዴት?
«በተመዘገበው ስልክህ።»
ሲሙ አገር ቤት ቀርቷል፤ ሳይሞላ ሲከርም ተዘግቶ ዛሬ ሌላ ሰው ይዞት ይሆናል። የቤቴን ቁልፍ ለማላውቀው ሰው እየሰጣችሁ «ለደህንነትህ ነው» ትሉኛላችሁ?
«እንግዲያው በአካል ቅረብ።»
በአካል መቅረብ ብችል ኖሮ ካይሮ ምን እሠራለሁ?

«የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ካልተቀየረ ሌባ ይገባል» ለሚሉን ደግሞ መልሱ ከዩኒቨርሲቲ ነው የመጣው። የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በየሦስት ወሩ ያስቀይር ነበር። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ7,700 በላይ የቀድሞ አካውንቶችን ሲመረምሩ፣ አሮጌውን ያወቀ ሰው በ17 በመቶው ላይ አዲሱን በአምስት ግምት ውስጥ ይደርስበት ነበር። ቀይር ሲሉት ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይለውጣላ! የአሜሪካ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2017 በየጊዜው ማስቀየሩ እንዲቀር መከረ፤ ማይክሮሶፍትም በ2019 ከዊንዶውስ 10 የደህንነት ምክሩ ውስጥ አወጣው።

«ኮምፒውተሩ የጋራ ነው እኮ፤ መግቢያው ጊዜ ሊያልቅበት ይገባል!»
እዚህ ላይ እውነት አላችሁ። ኤም አይ ቲ ውስጥ በ1980ዎቹ የተሠራው ኬርቤሮስ የተባለ የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት ለገባ ተማሪ ለሰዓታት ብቻ የሚያገለግል ትኬት ይሰጠዋል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ትኬቱም ያልቃል፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው በሌላው ስም አይሠራም። እኛ ሰፈር በአንድ የኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ስንት ሰው ይፈራረቅበታል? ስለዚህ ወንበሩን አስለቅቁ፣ በፍጥነት አስለቅቁ! ልጁን ግን ከመዝገብ አታውጡት።

«ማሳደስ የሁሉም ግዴታ ነው።»
ለአርድ ኤል ሊዋ ሰው ስለ ማሳደስ አትንገሩት። የዩኤኑ የጥገኝነት ጠያቂ ቢጫ ካርድ የሚያገለግለው 18 ወር ነው፤ ሲያልቅ ወደ ኦክቶበር ከተማው የዩኤን ቢሮ ነው። ለኢቃማው፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ ወደ አባሲያ። ከሥራ ቀርቶ፣ የቀን ገቢውን ትቶ ይሰለፋል። ሰልፉ መራራ ነው፤ ቢሆንም መስኮቱ እግሩ የሚደርስበት አገር ውስጥ አለ። የእናንተ መስኮት የት አለ?

«ማንነትህን በምን እናውቃለን?»
በተማሪ ቁጥሬ፣ በመዝገባችሁ ባለው ፎቶዬ፣ በቪዲዮ ደውላችሁ ፊቴን በማየት፣ የትኛውን ኮርስ ከየትኛው መምህር እንደወሰድኩ በመጠየቅ። አራት ዓመት ያስተማራችሁኝን ልጅ ከአንድ ሲም ካርድ ውጪ የምታውቁበት መንገድ የላችሁም?

«አሠራሩ አይፈቅድም።»
ማን ጻፈው? እናንተ። እንግዲያው ስልክ ቁጥር ከውጭ አገር የሚቀየርበትን አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፤ የልጁ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ቀን ሳያልፍ።